ጎንደር ምግብ መሸጥ የለመደችበት መንገድ

ቅዳሜና እሁድን በጎንደር ለማሳለፍ የሚመጣ ሰው ግንቦቹን ለማግኘት መንገድ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ከከተማዋ መሀል ናቸው። ጥሩ ምሳ የሚበላበትን ቤት ግን ሳይጠይቅ አያገኝም። የሚጠይቀውም ባለባጃጁን፣ የሆቴሉን ዘበኛ፣ ሱቅ የምትጠብቀውን ልጅ ነው። መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል። አንዱ ፒያሳ ላይ ያለ ቤት ይጠቁማል። ሌላው ወደ አራዳና ወደ ቅዳሜ ገበያ ይልካል። እንግዳው መኪና ከያዘ ደግሞ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንዲወጣ የሚመክረው አይጠፋም፤ የወገራ በግ እዚያው ብርዱ ላይ ሲበላ ይጣፍጣል ባይ ነው። ሦስቱም ጥቆማዎች ትክክል ናቸው። ሦስቱንም ያፈሯቸው ከተማዋ ምግብ መሸጥን የለመደችባቸው የተለያዩ ዘመናት ናቸው።

ጎንደር ብዙውን ዕድሜዋን የኖረችው ምግብ ቤት ሳይኖራት ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት በኋላ መናገሻ ሆና በቆየችባቸው ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ፣ በአደባባይ የሚበላ ምግብ ማለት ግብር ነበር። በፋሲል ግቢ ውስጥ የዐፄ በካፋ (1713–1723 ዓ.ም.) ረጅም አዳራሽ ዛሬም ይታያል፤ ግብር የሚገባበት እንደነበር ይነገራል። የግብር ሥርዓት ጥብቅ ነው። አጋፋሪው ሰዉን በየማዕርጉ ያስገባል፤ መኳንንቱ ከላይ ይቀመጣሉ፣ ወታደሩ በተራው ይገባል፣ የተረፈው ለድሃው ይወጣል። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ከየትኛው ብልት እንደተቆረጠለት ያየ ሰው የአገሩን ሹመት ሁሉ ያውቃል። ያበላ ጌታ ነው፣ የበላ ደግሞ የጌታው ሰው ነው። እንዲህ ባለ ዓለም እንጀራን በገንዘብ መግዛት፣ አብልቶ የሚያሳድር ጌታም ዘመድም የለኝም ብሎ እንደመናገር ይቆጠር ነበር።

መንገደኛስ? መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው፤ የመሸበት ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ!» ይላል። የንጉሥ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ድርጎ ይታዘዝለታል። ድርጎ ማለት እንግዳው የሚያልፍበት አገር ሕዝብ እንጀራውን፣ በጉን፣ ማሩን፣ ጠላውን እንዲያቀርብ በመንግሥት የሚታዘዝ ስንቅ ነው። ለገበሬው ከባድ ዕዳ ነበር። ስለ በካፋ ሲተረክ የኖረው ታሪክም ከዚህ ልማድ አይወጣም። ንጉሡ ልብሱን ቀይሮ፣ ማንነቱን ደብቆ አገር ሲዞር ቋራ ላይ ታመመ፣ አንድ ቤተሰብ አስገብቶ አስታመመው፣ ያስታመመችው ልጅ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ሆነች ይባላል። ማንነቱን የደበቀ ንጉሥ እንኳ የሚያርፈው በሰው ቤት፣ የሚበላው በሰው ገበታ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነስቶ፣ በሊማሊሞ ወጥቶ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ ጎንደር ሲገባ የመጣበት መንገድ የነጋዴው መንገድ ነበር። አሞሌ ጨው የጫነው ሲራራ በዚሁ ያልፋል። ወገራ ለጎንደር ጎተራ ነበረች፤ ስንዴውም ገብሱም ባቄላውም ከዚያ ደጋ ይወርዳል። ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ በእ.ኤ.አ. 1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጥሬ ሥጋ ድግስ የጻፈውን ለንደን ላይ ብዙዎች አላመኑትም። ያየውን ድግስ ግን ሥጋ ቤት ገብቶ ቁርጥ ያዘዘ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ምግብን መሸጥ ነውር ነው የሚለው ስሜት እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዘልቋል። የሚገርመው፣ ነውሩን ፊት ለፊት የተጋፈጡት ሴት በአባታቸው ከሰሜን ባላባቶች የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸው ነው፤ አባታቸው ራስ ብጡል የደጃዝማች ኃይለ ማርያም የሰሜኑ ልጅ ናቸው። ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያሰናዱት ድግስ በብዛቱም በወጡ ዓይነትም በዜና መዋዕል የተመዘገበ ነው። እኒሁ ባለሙያ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ከፈቱ። የሚበላበት ሰው ግን ጠፋ። እንደሚተረከው፣ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄዱና በነፃ አስበሏቸው፤ በሌላው ቀን በሉ ተባሉና በላተኞቹ ሒሳብ ተጠየቁ። ከዚያ ወዲያ ለእንጀራ መክፈል ቀስ በቀስ ተለመደ።

ጎንደር ግን ቤተ መንግሥት የሚያለማምዳት አልነበራትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ዘርፈው አቃጥለዋታል፣ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. እንደገና አቃጥሏታል። ግብር የሚያበላው ጌታ ከሄደ በኋላ ከተማዋን ያበሉት ሴቶች ናቸው። ባሏ የሞተባት፣ ፈትታ የመጣች፣ መሬት የሌላት ሴት የምትይዘው ሥራ አንድ ነበር፦ ጠላ። ደጃፏ ላይ እንጨት ትተክልና ጣሳ ትደፋበታለች፤ አላፊ አግዳሚው ጠላ እንዳለ ያውቃል። የምትሸጠው መጠጡን ነው። ቆሎው፣ ንፍሮው፣ አንዳንዴም ቂጣው ከጠላው ጋር ያለ ሒሳብ ይቀርባል። ምግብ በጎንደር ወደ ሽያጭ የገባው በዚህ ጓዳ በር ይመስላል፤ መጀመሪያ የመጠጥ ምርቃት ሆኖ፣ ኋላ ራሱን ችሎ። ጠላ የጠጣ ነጋዴ ወጥ ቢጠይቅ ሴትዮዋ ለልጆቿ ከሠራችው ትቆርስለታለች፣ እሱም ሲወጣ ገንዘብ አስቀምጦ ይሄዳል። አዝማሪውም የሚመጣው እዚያ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ያለው የቡርቧክስ መንደር ልጆች ማሲንቋቸውን ይዘው ለስንት ትውልድ ከጠላ ቤት ጠላ ቤት ዞረዋል።

ወደ ደጋው ሲወጣ መጠጡም ይለያል። በወገራ፣ በዳባትና በቅማንት መንደሮች ኮረፌ አለ። ገብሱ ይፈተግና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል። ዱቄቱ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር ጋን ውስጥ ይገባል። እዚያም ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ወይም የገበያ ቀን ሲደርስ ከጥንስሱ ጥቂት ይቀነሳል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ይቀዳል። ወፍራም ነው፣ ሆድ ይይዛል። ያልታሰበ እንግዳ በበዛበት መንገድ ዳር የሚኖር ሰው የሠራው መጠጥ እንደሆነ አሠራሩ ራሱ ይናገራል፤ ጥንስሱ ወራት ይጠብቃል፣ መጠጡ በአንድ ቀን ይደርሳል።

የሥጋው ነገር ግን ሌላ ታሪክ አለው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው ሰፈር ኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። ውሳኔው በሰው ላይ የጫነው በደል ቀላል አልነበረም። ነጋዴዎቹ ግን እዚያው ሆነው የከተማዋን ንግድ ይዘው ቆዩ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን ስለማይበላ ምግብ ቤቱም በዚያው መሠረት ተከፈለ። እስከ ዛሬ በጎንደር ጥሩ ቤት የሚጠይቅ እንግዳ መጀመሪያ የየትኛው እንደሆነ መናገር አለበት፤ ጥቆማው ከዚያ በኋላ ነው።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በስታራቼ የሚመራው የጣሊያን ጦር ጎንደር ገባ። ጣሊያን ከተማዋን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ንድፍ አወጣላት፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ፒያሳው የዚያ አምስት ዓመት ሥራ ናቸው። ካፌና ባር፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ የቡና ማሽን፣ ፓስታ ወደ ከተማዋ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ሀበሻ ግን በነጭ ካፌ እንዳይቀመጥ የዘር ሕጉ ይከለክል ነበር፤ ያገሬው ሰው ፒያሳውን የሚያውቀው በመስኮት በኩል፣ ካልሆነም በአስተናጋጅነት ነው። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ቤቶቹ ቀሩ፣ ማሽኖቹም ቀሩ፣ ወንበሮቹም ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ያገሬው ሰው ገብቶ ተቀመጠባቸው። ፒያሳ ላይ ያለው ኢትዮጵያ ካፌ የዚያን ዘመን መልክ እንደያዘ አለ። ማኪያቶ የሚጠጣበት እንግዳ ቤቱ ከማን እጅ እንደወጣ ቢያውቅ ይበልጥ ይጥመዋል።

ከካፌው ይልቅ ግን የአገሩን አበላል የለወጠው መንገዱ ነው። ጣሊያን የሲራራውን ጎዳና ለመኪና አመቻቸው፤ በወለቃ፣ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በነጋዴ እግር የቀናት ጉዞ የነበረው ወደ ሰዓታት ወረደ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ያለ መኪና 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ አምባ ጊዮርጊስ ይደርሳል። ያን ዳገት የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተር ማብረድ አለበት፣ ረዳቱ ይርበዋል፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪው ይበርደዋል። የደጋ ከተሞቻችን ምግብ ቤቶች የተወለዱት ከዚህ ነው። ጠላ የምትሸጠው ሴት ሻይ ጨመረች፣ ሻይ ያለችው ዳቦ ጨመረች፤ የወገራ ስንዴ ዳቦ ደግሞ ሌላ ማባያ አይፈልግም። ቀጥሎ ሽሮ፣ ቀጥሎ ጥብስ መጣ። ሹፌር ጥሩ ቤት ያውቃል የሚባለው እውነት ነው። በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ የሚበላበት ቤት ካሳመመው ሥራው ይቆማልና መራጭ ነው፤ የእሱን ምርጫ ተሳፋሪው ሁሉ ይበላበታል።

ቱሪስቱ የመጣው ዘግይቶ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። ፓርኩ በእ.ኤ.አ. 1978፣ ፋሲል ግቢ በእ.ኤ.አ. 1979 በዩኔስኮ መዝገብ ገቡ። ጊዜው ግን ደርግ ነው። ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. ተወርሷል፣ ሰዓት እላፊው ባሩን በጊዜ ይዘጋል፣ ርካሽ ምሳ የሚገኘው በቀበሌ ክበብ ነው። ኮረብታው ላይ ባለው ጎሃ ሆቴል ያረፈ እንግዳ ከላይ ሆኖ ከተማዋን ያያል፤ የከተማዋ ምግብ ግን ከታች ነበር። በ1990ዎቹ የዳሽን ቢራ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፣ ሆቴሉ ተበራከተ። ኋላም ፎር ሲስተርስን የመሰሉ፣ እህትማማቾች የእናት ቤት ሙያን ይዘው የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ስም አወጡ። የጠላ ቤቷ ሴት የልጅ ልጆች በስማቸው ታፔላ ሰቀሉ ማለት ነው፤ ጣሳው በእንጨት ላይ ከተደፋበት ዘመን አንጻር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ወንበር አይገኝባቸውም። ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ ግን እንግዳ የቀነሰባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። መንገዱ ሲዘጋ የመጀመሪያው ተጎጂ መንገደኛን አብልታ የምታድረው የአምባ ጊዮርጊስና የዳባት ሴት ናት።

እንግዲህ መንገዱ ሰላም የሆነለት የቅዳሜና እሁድ እንግዳ በሩቁ ስም ካወጣው ቤት ይልቅ ቀኑን ማየት ይሻለዋል። ቅዳሜ ከሆነ ጠዋት ቅዳሜ ገበያን ይዙር፤ ነጋዴው የሚቆርስበት ቤት እዚያው ዙሪያ ነው። ዓርብ ቀድሞ ከደረሰ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ፣ ሥጋ ፍለጋ መድከም የለበትም። የጎንደር ሽሮ የሚሠራው በጾም ለሚበላ፣ አጣጥሞ ለሚፈርድ ሰው ነው። በያይነቱ ሲያዝ ስልጆ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ፣ በሰናፍጭ ተብላልቶ የሚቀርበውን ስልጆ በእጇ የምታሰናዳ ቤት ሌላውንም አታበላሽም። ማታ ፒያሳ ይቀመጥ። እሁድ ጠዋት ወደ ደጋው ሲወጣ ኮሶዬ ላይ ቆም ብሎ ገደሉን ይመልከት፤ ምሳውን ግን አምባ ጊዮርጊስ ያድርግ። ወፍራም ጋቢ ወይም ጃኬት መያዝ አለበት፤ ጥብሱ ከምጣድ በወጣ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛልና በሸክላ ከነፍሙ እንዲቀርብለት ይዘዝ። የጭነት መኪኖች የተደረደሩበትን በር መርጦ ከስድስት ሰዓት በፊት ይግባ፤ ከደባርቅ የሚመለሱት ተሳፋሪዎች ከደረሱ ጎድኑ ያልቃል።