ለትንሽ ባሕር ኃይል መርከብ ንደፉ ብትባሉስ? «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ታሪክ

እስቲ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1955 ነው። ኤርትራ ከሦስት ዓመት በፊት በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስለተቀላቀለች፣ አገሪቱ በቀይ ባሕር ላይ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጠረፍ አላት። ምጽዋ ላይ አዲስ ባሕር ኃይል እየተቋቋመ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ልምዱ ደግሞ ገና ሀ ብሎ የሚጀምር። እናንተ መሐንዲስ ናችሁና አንድ የቅኝት መርከብ ንደፉ ተባላችሁ።

ብዙ ሰው እርሳሱን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚስለው መድፉን ነው። ቀጥሎ «በጣም ፈጣን ትሁን» ይላል። ፍጥነቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የትንሽ ባሕር ኃይልን ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነውና።

መርከብ ስትሄድ ውኃውን እየገፋች ማዕበል ታስነሳለች። ያን ማዕበል የሚያስነሳው ጉልበት ከሌላ ከየትም አይመጣም፣ ከሞተሩ ነው። በግምት ሲሰላ፣ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው (2×2×2)። በ10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መርከብ በ20 ኖት ትሂድ ካላችሁ፣ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያለው ሞተር ፈልጉላት። መንገዱን በግማሽ ሰዓት ብትጨርሰውም ለዚያው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ነዳጅ ትጠጣለች። ርዝመትም ለውጥ ያመጣል፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎችን በውኃ ገንዳ ውስጥ እየጎተተ እንዳሳየው፣ ረጅም መርከብ ከአጭሯ ይልቅ ማዕበል ሳያስቸግራት ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ትደርሳለች።

ታዲያ የቅኝት መርከብ የዕለት ተዕለት ሥራዋ ምንድን ነው? መሮጥ አይደለም፤ መገኘት ነው። ከምጽዋ እስከ አሰብ በቀጥታ እንኳ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ12 ኖት ከሄዳችሁ ሃያ ሰዓት ያልፋል። መንገድ ላይ የኮንትሮባንድ ጀልባ ልትፈትሹ፣ የተቸገረ ዓሣ አጥማጅ ልትረዱ ትችላላችሁ። ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ ከፍጥነቱ በላይ የነዳጅ ታንኩን፣ የመጠጥ ውኃውንና የመኝታውን ቦታ ጻፉ።

ባሕሩም የራሱ ጥያቄ አለው። የምጽዋን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ሞቃት አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል። ማቀዝቀዣው የሚስበው የባሕር ውኃም ራሱ ሞቃት ነው። ዳህላክ ዘንድ ደግሞ ከ100 በላይ ደሴቶች አሉ፤ በመካከላቸው የኮራል ድንጋይ ውኃው ሥር አድፍጧል። ጠልቃ የምትሄድ መርከብ እዚያ አትጠቅምም።

አሁን ወደ እውነተኛው ታሪክ እንምጣ። ኢትዮጵያ መርከቧን አልነደፈችም። ተሰጣት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ያስረከበቻት መርከብ የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ውኃ የገባች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ዙሪያ ያገለገለች። የሚገርመው፣ ስትሠራ የቅኝት መርከብ አልነበረችም። ሥራዋ በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥገናና ማደሪያ መስጠት ነበር። በአጭሩ ተንሳፋፊ የአውሮፕላን ማደያ!

ስም ተቀየረላትና «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብም ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ፍጥነቷ 18 ኖት ገደማ፣ ፊቷ ላይ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ።

ከናንተ ወረቀት ጋር አስተያዩዋት። አውሮፕላኖቹ ወደብ በሌላቸው ደሴቶች አጠገብ ስለሚያርፉ፣ የመርከቧ ነዳፊዎች ጥልቀት በሌለው ውኃ እንድትገባ አድርገው ነበር የሠሯት፤ ሙሉ ጭነት ይዛ እንኳ ወደ ውኃው የምትጠልቀው 4 ሜትር ያህል ነው። ለዳህላክ የታሰበች ትመስላለች። ሞተሮቿ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው፣ ረጅም ጉዞም ይችላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መኝታው ነው። የዚህ ዓይነት መርከብ ከራሷ 215 ያህል ሠራተኞች ሌላ የአውሮፕላን ቡድን አባላትንም ስትጨምር ከ350 ሰው በላይ ታሳድር ነበር። አብራሪዎቹ ሲሄዱ ክፍሉ ባዶ ቀረ፤ ባዶውን ቦታ ዕጩ መኮንኖች ሞሉት። አዲስ ባሕር ኃይል ከመድፍ በፊት የሚያስፈልገው ባሕር ላይ የሚማር ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አልጋ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያውያንን ሲያሠለጥኑ ከነበሩት መካከል ኖርዌጂያን መኮንኖች ነበሩ፤ ኖርዌይ ራሷም ከእ.ኤ.አ. 1958 ጀምሮ የዚህችኑ መርከብ እህት ለሥልጠና ትጠቀምባት ነበር።

ቆይ ግን፣ ጉድለትም አለባት። ለትንሽ የኮንትሮባንድ ጀልባ 95 ሜትር መርከብ ማሰለፍ ዝንብን በመዶሻ እንደ ማሳደድ ነው። ለዚህ ሥራ ባሕር ኃይሉ 29 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የአሜሪካ ሥሪት ፈጣን ጀልባዎች ነበሩት፤ የዕለቱን ልፋት የተሸከሙት እነሱ ይመስሉኛል። ሌላው ችግር ብቸኝነቷ ነው። መርከብ ነዳፊዎች አንዲት መርከብ ሁልጊዜ ባሕር ላይ እንድትኖር ከፈለግህ ሦስት ያህል ያዝ ይላሉ፤ አንዷ በጥገና፣ ሌላዋ በዝግጅት ላይ ትሆናለችና። «ኢትዮጵያ» ተተኪ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. ከ1977 በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ ቆሞ የሶቪየት መርከቦች ሲመጡ፣ በመካከላቸው ባዕድ ቋንቋ የምትናገር አሮጊት መሰለች። እንዲያም ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ድረስ ቆየች።

በወረቀታችሁ ላይ ሳትጽፉት የቀራችሁ አንድ ነገር አለ፤ እኔም ሆን ብዬ አላነሳሁትም። ወደብ። ነዳጁ፣ ጥገናው፣ የሠራተኞቹ ቤተሰብ ያለው እዚያ ነው። ምጽዋ እ.ኤ.አ. በ1990 በኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባር እጅ ገባች። በቀጣዩ ዓመት አሰብም ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ሠራተኞቿን ይዛ ባሕሩን ተሻግራ የመን ገባች። መሄጃ አልነበራትም፤ እዚያው ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኤርትራ ነጻ አገር በሆነችበትና ኢትዮጵያ ወደብ አልባ በሆነችበት በዚያው ዓመት፣ ለብረት ቁርጥራጭ ተሸጠች።