ቁጥር መቼ ነው ቁጥር የሚሆነው? የሊተራል አጭር ታሪክ

አንድ ተማሪ በሲ ቋንቋ 0722 የሚል የስልክ መነሻ ቁጥር ሆኖ እንዲቀመጥ ቢጽፍ፣ ማሽኑ መልሶ 466 ይለዋል። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አያስጠነቅቅም። የሃምሳ ሰው ስልክ መዝግበን ቢሆንስ?

በፕሮግራም ውስጥ ዋጋው እንዳለ የተጻፈ ነገር ሊተራል ይባላል። 5 ሊተራል ነው፤ ዕድሜ የሚለው ስም ግን ቫሪያብል ነው፣ ውስጡ ያለው ይቀያየራል። ቀላል ይመስላል አይደል? ቋንቋዎቹን የሠሩት ሰዎች ግን ብዙ ተቸግረውበታል።

በፈረንጆች 1957 ዓ.ም. የጆን ባከስ ቡድን አይቢኤም ውስጥ ፎርትራንን አወጣ። ያኔ ጽሑፍ በጥቅስ ምልክት አይታጠርም ነበር። ፊደሎቹን ራስህ ቆጥረህ፣ ቁጥሩን ጽፈህ፣ ኤች የምትባለውን ፊደል አስከትለህ ነው ጽሑፉን የምታስገባው። በእኛ ፊደል ቢቻል ኖሮ «ሰላም» ለማለት 3ኤችሰላም ትጽፋለህ ማለት ነው። ኤች የመጣችው ከኸርማን ሆለሪት ስም ነው፤ ለ1890ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ካርድ እየበሱ የሚቆጥሩ ማሽኖችን የሠራው ሰውዬ። አንድ ፊደል አብዝተህ ከቆጠርክ ቀጥሎ ያለውን ምልክት ጽሑፉ ይውጠዋል። ለማሽኑ ይመቻል፣ ለሰው ግን ፈተና ነው። ፎርትራን 77 ይህን ከደንቡ አውጥቶ በጥቅስ ምልክት ተካው።

የባሰም ነበር። ፎርትራን ለንዑስ ፕሮግራም የሚሰጠው ዋጋውን ሳይሆን ዋጋው የተቀመጠበትን አድራሻ ነው። ስለዚህ 2ን ሰጥተኸው እሱ አንድ ቢደምርበት፣ በአንዳንድ ኮምፓይለሮች ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ ሁሉ 2 ብለህ የጻፍከው 3 ሆኖ ይገኛል! ሊተራሉ ለካስ ቫሪያብል ሆኖ ኖሯል።

አሁን ወደ 466 እንምጣ። ሲ በ1970ዎቹ ከቢ ቋንቋ የወረሰው ደንብ አለ፤ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር በስምንት ቤት ይነበባል። 7 ጊዜ 64፣ 2 ጊዜ 8፣ ከዚያ 2፤ ደምሩት። ለዚያ ዘመን ማሽኖች ስምንት ቤት ምቹ ነበር፤ ለእኛ ግን ወጥመድ ነው የሆነው። ፓይተን 3 በ2008 ሲወጣ እንዲህ ያለውን ቁጥር ጭራሽ አልቀበልም አለ፤ እኔም የምደግፈው ይህን ነው። ዝም ብሎ ከሚያሳስት ጮሆ የሚያቆም ይሻላል። ስልክን ግን በየትኛውም ቋንቋ በጥቅስ ውስጥ ጻፉት፤ የምንደምረው ነገር አይደለማ።

እውነትና ሐሰትም ቢሆኑ በፓይተን 2 ተራ ስሞች ነበሩ። ትሩ የሚለውን ስም ዜሮ ነህ ብትለው እሺ ይል ነበር። ፓይተን 3 ይህንንም ከልክሏል።

የግዕዝ ቁጥሮቻችንስ? ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ፓይተን 3 ዋጋ፩ የሚለውን የቫሪያብል ስም ይቀበላል፤ ፩ን ለብቻዋ ቁጥር ናት ብላችሁ ብትጽፉለት ግን ስህተት ይላችኋል። ስም ውስጥ ትገባለች፣ ሊተራል ግን አይደለችም።