ጌጁ «አለ» ይላል

ከሮቢት ወደ ቆቦ ጥቂት እንደተጓዝን ሞተር ሳይክሉ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ቀትር ነው። የራያ ሜዳ ፀሐይ እንግዳ ነው፣ ባለአገር ነው ብላ አታዳላም። ዓይናችን መጀመሪያ የሄደው ወደ ነዳጅ ጌጁ ነበር። መርፌው ከቀዩ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል። ጌጁ «አለ» ይላል፤ ሞተሩ «የለም» ብሎ ዘግቷል። ማንን እንመን?

ባለሞተሩ አልተጨነቀም። ወረደ፤ እኛንም አወረደን። ሞተር ሳይክሉን በግራ ጎኑ አጋደመው፤ ትንሽ አቆይቶ መልሶ አቆመው። ሁለቴ ረገጠው፤ ተነሳ። «አለ እኮ!» አለን እየሳቀ፤ «ወዲያ ማዶ ተኝቶ ነው እንጂ።»

እሱ ስቆ ረሳው። እኛ ግን ቆቦ ገብተን ሻይ እስክናዝ ድረስ ነገሩ ከአእምሯችን አልወጣም። ቤንዚኑ በታንኩ ውስጥ አለ። ጌጁም አልዋሸም። ሞተሩ ግን ሊያገኘው አልቻለም። ይህን እንቆቅልሽ ስንከተል ከአንዲት ታንክ ተነስተን አሰብ ደረስን፤ ከአሰብ ደግሞ ጅቡቲ። ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ጉዞ ነው።

መርፌው ምን ያውቃል?

በመጀመሪያ ስለ ጌጁ። በታንኩ ውስጥ በቀጭን ክንድ ላይ የታሰረ አንድ ተንሳፋፊ ነገር አለ። ቤንዚኑ ሲጨምር ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ይወርዳል። የክንዱ ሌላኛው ጫፍ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ መርፌው የሚንቀሳቀሰው በዚያ ነው። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጌጁ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተንሳፋፊው ባለበት ቦታ ላይ የፈሳሹን ከፍታ። የሞተር ሳይክል ታንክ ደግሞ እንደ ኮርቻ ነው። መሐሉን የሞተር ሳይክሉ አጥንት ስለሚያልፍበት ከታች ለሁለት ይከፈላል፦ ግራ ኪስ፣ ቀኝ ኪስ። ቤንዚኑ ሲያንስ ሁለቱ ኪሶች ይለያያሉ። በእኛ ሞተር ሳይክል ወደ ሞተሩ የሚወስደው መክፈቻ በግራ በኩል ነበር፤ የቀረው ቤንዚን ግን በቀኝ ኪስ ተኝቷል፤ ተንሳፋፊውም እዚያው። ባለሞተሩ በግራ ያጋደመው የቀኙን ወደ ግራ ለማሻገር ነው። የታንኩ ቅርጽ ሌላም መዘዝ አለው። ከላይ ሰፊ ስለሆነ መርፌው መጀመሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ አይነቃነቅም፤ ወደ ታች ሲደርስ ግን ይጣደፋል። ዳገት ላይ አንድ ነገር ይናገራል፣ ቁልቁለት ላይ ሌላ። በጎን ስታንድ ሲቆምም ሌላ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ውሃ የገባበትን ቤንዚንም እንደ ሙሉ ቤንዚን ይቆጥረዋል። ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፤ ተንሳፋፊው ከላይ ሆኖ «አለ» ይላል። ጌጅ ከፍታን እንጂ ዓይነትን አያውቅም።

ድሮ ጌጅ የሚባል ነገርም አልነበረም። ከ1900 ዓ.ም. ማግስት ጀምሮ ዓለምን ያጥለቀለቀው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ነጂ ነዳጁን የሚለካው መቀመጫውን አንስቶ፣ የታንኩን ክዳን ከፍቶ፣ እንጨት ነክሮ ነበር። ሞተር ሳይክልም ለብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ጌጅ ኖሯል። በምትኩ ያለው ሪዘርቭ ነው። በታንኩ ውስጥ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይቆማሉ። ሞተሩ በረጅሙ ይጠጣል። ቤንዚኑ ከረጅሙ አፍ በታች ሲወርድ ያስነጥሳል፤ ነጂው መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ከሥር በአጭሩ መጠጣት ይጀምራል። ሪዘርቭ ተጨማሪ ታንክ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ያው ቤንዚን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው የተጨመረው።

ቃሉም መንገዱም

ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ሰልባትዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ቃሉ የመጣው መንገዱ በመጣበት ዘመን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከዚሁ ሜዳ በስተሰሜን ማይጨው ላይ ጦርነቱ ከተሸነፈ በኋላ፣ ጣሊያን እስከ 1933 ዓ.ም. ከአስመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ሠራ። ከኮረም ወደ አላማጣ ግራት ካህሱን እየተጠማዘዘ የሚወርደው፣ ከዚያ በዋጃና በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ አልፎ ወልዲያ የሚገባው መንገድ የዚያ ሥራ አካል ነው።

ከዚያ በፊት በዚህ ሜዳ የሚጓዘው ሰው በበቅሎና በአህያ ነበር። የበቅሎ ነዳጅ ሣርና ውሃ ነው። በየመንገዱ ይገኛል፤ ባይገኝም ባለቤቷ የት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያውቃል። ሞተር ግን ቀለቡ ከባሕር ማዶ ነው። መንገዱ ራያን ከዓለም ጋር ባገናኘበት ቀን፣ የራያ ጉዞ በወደብ ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ሰው ከቆቦ ተነስቶ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ መልሱ ከታንኩ ወጥቶ ቀይ ባሕር ዳር ሄዶ ተቀመጠ።

የቱቦው ጫፍ

ካርታ ዘርጉ። በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። ቦቴዎች ከአሰብ ተነስተው ሚሌ ይደርሳሉ፤ ከሚሌ ወደ ባቲና ኮምቦልቻ ይወጣሉ፤ ከዚያ ደሴ፣ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወልዲያ፣ ከወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቆቦ። ከአዲስ አበባ ብንነሳ ደግሞ ወደ 570 ኪሎ ሜትር ነው። ቆቦ ከየትም ቢመጣ የቱቦው ጫፍ ላይ ናት። ቱቦው የትም ቦታ ቢታነቅ መጀመሪያ የሚደርቀው ጫፉ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ መታነቅ የመጣው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሳ፤ የነዳጅ ዋጋ በወራት ውስጥ በአራት እጥፍ ገደማ አደገ። አገር ቤት ቤንዚን ተወደደ። የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ መንግሥት ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ለማድረግ ተገደደ፤ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። የዘውዱ መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እንደኮበለለ ሰው ሳይሆን እንደ ተገፈተረ ሰው ወደቀ እንላለን እንጂ፣ ከጭስ የጀመረ አብዮት ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ጊዜ ግን ወሎ ሌላ ነገር ጎድሎታል። የ1965ቱ ረሃብ የራያንና የቆቦን ሰው ከቤቱ ነቅሎ ወደዚሁ አስፋልት ዳር አወጣው። ሰዎች አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ህንዳዊ ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ረሃብ መርምሯል። ያገኘው ነገር የእኛን ታንክ ይመስላል። የወሎ ምርት ክፉኛ ቢወድቅም በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር። ደሴ ገበያም ዋጋው ብዙ አልናረም። ጭራሽ ጥቂት እህል በዚሁ መንገድ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋበት መግዣውም አብሮ ጠፋበት። እህሉ በአገሪቱ ቀኝ ኪስ ውስጥ ተኝቷል፤ አፉ ያለው በግራ ነው። የአገር ጌጅ «አለ» ይላል፤ ሰው ይሞታል።

ከአሰብ ወደ ጅቡቲ

በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሆነ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ዓለም የኮረምን ረሃብተኞች በቢቢሲ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ከባሕር ማዶ የሚላከው እህል እዚያ ተራራ ላይ የሚወጣው በከባድ መኪና፣ መኪናውም የሚወጣው በናፍታ ነበር። የእህሉ ጉዞ በነዳጁ ጉዞ ላይ ተሳፍሯል።

ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነዳጃችን ከጅቡቲ በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ይደርሳል። ወደቡ ተቀየረ፤ የቆቦ ቦታ ግን አልተቀየረም። አሁንም ጫፍ።

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ዳግም የተቀሰቀሰው በዚሁ በቆቦ አካባቢ ነው። በእነዚያ ወራት መብራት፣ ባንክና ስልክ ሲቋረጡ ማደያ ብቻውን ሊሠራ አይችልም። ከአላማጣ ወዲያም ወደ ትግራይ የሚገባው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ነበር። መንገዱ አንድ ነውና ጥሙም የጋራ ነበር።

ማደያ ሲደርቅ የሚተካው ሃይላንድ ነው። የውሃ ፕላስቲኩ ቤንዚን ተሞልቶ መንገድ ዳር ይደረደራል። ሕጉ ከማደያ ውጭ መሸጥን ይከለክላል፤ መንገደኛው ደግሞ መድረስ አለበት። ሃይላንዱ ውስጥ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት፣ ውሃ ይግባበት ማን ያውቃል? ጌጁ እንደሆነ አያውቅም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በስልክ በመሆኑ ደግሞ ቤንዚን ያለው ማደያ ፊት ቆሞ ኔትወርክ መጠበቅም መጥቷል። ይሄም ያው ነው። አለ፤ አይደርስም።

ሁለተኛ ምንጭ

ጋዜጠኝነት ስንማር «አንድ ምንጭ ምንጭ አይደለም» ይሉን ነበር። ጌጅ አንድ ምንጭ ነው። አይናቅም፤ ብቻውን ግን አይታመንም።

ሁለተኛው ምንጭ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። ታንኩን ጢም አድርገው ሞልተው ቁጥሩን ይጻፉ። ይንዱ። እንደገና ጢም ሲያደርጉ ስንት ሊትር እንደገባና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ያካፍሉ። 360 ኪሎ ሜትር ሄደው 9 ሊትር ከገባ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ነው። የሪዘርቭዎ መጠን 2 ሊትር ከሆነ 80 ኪሎ ሜትር ይቀርዎታል ማለት ነው። በወረቀት! ሰው ከኋላ ጭነው ከአላማጣ ወደ ኮረም ሲወጡ ግን፣ ከ1500 ሜትር ገደማ ወደ 2500 ሜትር ነውና፣ በግማሹም አይተማመኑ።

ሦስተኛው ምንጭ ከፊት የሚመጣው ሰው ነው። በዚህ መንገድ ባለሞተሮች ሲተላለፉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት «ማደያው ይሠራል?» ነው። መርፌው የኋላውን ይናገራል፤ የፊቱን የሚናገረው ሰው ብቻ ነው።

ቀልድ አይደለም። ከዞብል ተራራ በኩል ምጥ የያዛት ሴት በሞተር ሳይክል ቆቦ ድረስ ትመጣለች። ከዚያም ወልዲያ ሊባል ይችላል። ለእሷ 50 ኪሎ ሜትር የሚለካው በቤንዚን አይደለም፤ በሰዓት ነው። ጌጁ «አለ» ብሎ መንገድ ላይ ቢቆም ባለሞተሩ አጋድሞ የሚስቅበት ጊዜ የለም።

ሻያችንን ጠጥተን ስንነሳ ባለሞተሩን አንድ ነገር ጠየቅነው። ለምንድን ነው ሞተሩ ሳያስጠነቅቅ የቆመው? ሪዘርቭ የት ሄደ? ጎንበስ ብሎ መክፈቻውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ባለፈው ቤንዚን ሲያገኝ ከሪዘርቭ አልመለሰውም። «ምን ላድርግ ብላችሁ ነው?» አለን፤ «ሙሉ ታንክ ሞልቼ አላውቅም። ሁለት ሃይላንድ፣ አንድ ሃይላንድ... ሁልጊዜ ሪዘርቭ ላይ ነኝ።»

ሁልጊዜ ሪዘርቭ ላይ የሚኖር ሰው ማስጠንቀቂያ የለውም። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለ ከተማም እንደዚያው ነው። «አገር ውስጥ በቂ ነዳጅ አለ» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ በየትኛው ኪስ?

ቸር እንሰንብት።