የእጅ መንገድ፤ ከሐረር የፊደል ሣጥን እስከ ኮምፒዩተር ጠቋሚ መሣሪያ

አንድ መሣሪያ ረክሶ ሲሠራ ከዋጋው ላይ የተቀነሰው ነገር ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ይዛወራል እንጂ። ከፋብሪካው ትከሻ የወረደው ወጪ በተጠቃሚው እጅ፣ በዐይኑ ወይም በጊዜው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ መሣሪያን የሚነድፍ መሐንዲስ ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ያህል ተቀነሰ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የተቀነሰውን ማን ከፈለው?» ብሎም ጭምር ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ የኮምፒዩተር ጠቋሚ መሣሪያዎችን፣ ማለትም የማውስንና የዘመዶቹን ታሪክ ባጭሩ ለመመልከት ይሞክራል። መነሻውን ከሐረር ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእጅ ጽሕፈት፣ ኅትመትና ኮምፒዩተር ተከታትለው የገቡባት፣ ዛሬም ከአንድ በላይ ፊደል በየዕለቱ የሚጻፍባት ከተማ ናትና። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፊደል ሣጥንና የጽሕፈት መኪና

የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ከታነጸ ወዲህ ሐረር የንግድ ከተማ ብቻ ሳትሆን የመጽሐፍ ከተማም ሆና ኖራለች። በዐረብ ፊደል በእጅ የተጻፉ ጥንታውያን መጻሕፍት ከነቆዳ ሽፋናቸው ዛሬ በአብዱላሂ ሸሪፍ በተመሠረተው ሙዚየም ይታያሉ። በእነዚህ መጻሕፍት ጸሐፊዎች ዘንድ እጅ የምትጓዘው መንገድ እጅግ አጭር ነበር፤ ብዕሩ በጣት፣ ፊደሉ በዐይን ሥር ነውና መሣሪያውና ሥራው አይለያዩም።

ኅትመት ሲመጣ ግን ይህ ተለወጠ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የካፑቺን ካቶሊክ ሚሲዮን በሐረር ባቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ የማተሚያ መኪና ተክሎ ነበር። ትርጓሜው «የኢትዮጵያ ዘሪ» የሆነው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ የታተመውም በዚሁ ነው። ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ከደረሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1908፣ ማተሚያ ቤቱ ወደዚያው ተዛወረ፤ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ስምም በአማርኛና በግዕዝ መጻሕፍትን አወጣ።

በዚያ ዘመን የኅትመት አሠራር ፊደል ለቃሚው ከሣጥን ፊት ቆሞ እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል በእጁ እያነሣ ይደረድራል። ለአማርኛ ይህ ከባድ ሥራ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎች፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉ ደግሞ የሣጥኑ ክፍሎች ከዚያም ይበዛሉ። ክፍሉ በበዛ ቁጥር እጅ የምትጓዘው ርቀት ይረዝማል። እዚህ ላይ ፊደሉ ምንም አልተነካም፤ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ የከፈለው የሠራተኛው ክንድ ነው።

የጽሕፈት መኪና ጥያቄውን ገለበጠው። መኪናው ሊሸከም የሚችለው ቁልፍ በአርባና በሃምሳ መካከል ያህል ስለሆነ 231 ፊደላትን እንዴት ማስፈር ይቻላል የሚለው ችግር ተነሣ። ከኢጣልያ ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የነደፉት ኢንጂኔር አያና ብሩ ፊደሉን በአካሉና በቅጥያው ከፋፍለው በጥቂት ቁልፎች ማጻፍ የሚያስችል መፍትሔ አቀረቡ። በዘመኑ የነበረውን የመካኒክ አቅም ስናስብ ይህ ታላቅ የምህንድስና ሥራ ነው። እጅም ከሣጥኑ ረጅም ጉዞ ዐረፈች። ነገር ግን ተቀጣጥሎ የተጻፈው ፊደል በብዕር ከተጻፈው መልኩ ራቅ አለ። ከዚያም አልፎ በ1940ዎቹ ፊደሉን ራሱን ቀንሶና አሻሽሎ ለመኪና እንዲመች የማድረግ ሐሳብ በብርቱ አከራክሯል። ስለዚህ በሣጥኑ ዘመን የከፈለው ክንድ ነበር፤ በጽሕፈት መኪና ዘመን ግን ከፋዩ ፊደሉ ሆነ ለማለት ይቻላል።

ኮምፒዩተር ፊደሉን ከዚህ ዕዳ ነጻ አወጣው። በ1980ዎቹ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን አዘጋጁ። በ1999 የወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ደግሞ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን በዓለም አቀፍ ደረጃ አጸና። ዛሬ ታይፒስቱ ብዙውን ፊደል በሁለት ምት፣ ተነባቢውንና አናባቢውን በመምታት ይጽፋል፤ ሲጻፍም ፊደሉ ሙሉ መልኩን ይዞ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከኮምፒዩተሩ ጋር አዲስ የእጅ መንገድ መጣ፤ ይኸውም ከቁልፎቹ ገበታ ወደ ማውስ፣ ከማውስ ወደ ገበታው የሚደረገው ምልልስ ነው።

ማውስ እንዴት ተወለደ፣ እንዴትስ ረከሰ

በስክሪን ላይ ያለን ነጥብ በእጅ መምራት የተጀመረው በጦር መሣሪያ ምርምር ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ራልፍ ቤንጃሚን በ1946 ለባሕር ኃይል የራዳር ሥራ በኳስ የሚመራ ጠቋሚ አሰበ። በ1952 ደግሞ የካናዳ መሐንዲሶች ዳታር ለተባለው የባሕር ኃይል ሥርዓት የቦውሊንግ መጫወቻ ኳስን በመጠቀም ተመሳሳይ መሣሪያ ሠሩ። ሁለቱም ሥራዎች በምስጢር የተያዙ ስለነበሩ ለሰፊው ዓለም ወዲያው አልደረሱም።

በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የነበሩት ዳግላስ ኤንግልባርት የማውስን ሐሳብ አመነጩ፤ ቢል ኢንግሊሽ በ1964 የመጀመሪያውን ናሙና ሠሩ። ናሙናው ከሥሩ እርስ በርሳቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን የተቀመጡ ሁለት ጎማዎች ያሉት የእንጨት ሣጥን ነበር። እነዚህ ተመራማሪዎች በአንድ መፍትሔ ብቻ አልተወሰኑም፤ የብርሃን ብዕርን፣ ጆይስቲክንና በጉልበት የሚገፋ መሣሪያን ጭምር ከማውስ ጋር አወዳድረዋል። በተለይ የጉልበቱ መሣሪያ ሁለቱም እጆች ከቁልፎቹ ሳይነሡ ለመጠቆም የሚያስችል ነበር። ልምድ ባላቸው ተጠቃሚዎች ዘንድ ግን ማውስ በልጦ ተገኘ። ኤንግልባርት የእጅ ምልልሱን ችግር አልዘነጉትም፤ ቀኝ እጅ በማውስ ላይ ሳለች ግራ እጅ ብቻዋን የምትጽፍበት ባለ አምስት ቁልፍ ገበታም አዘጋጅተው ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ለሕዝብ ባቀረቡት ትዕይንት ሁለቱን አጣምረው አሳዩ። ባለ አምስት ቁልፉ ገበታ ሥልጠና ስለሚጠይቅ ወደ ገበያ ሳይዘልቅ ቀረ፤ ማውሱ ግን ዘለቀ።

በ1970ዎቹ በዜሮክስ የምርምር ማእከል የተሠሩት ማውሶች ውድና በቀላሉ የሚበላሹ ነበሩ። አፕል ኩባንያ በ1980 ርካሽ ማውስ እንዲነደፍለት ለወጣቱ መሐንዲስ ዲን ሆቪና ለባልደረቦቹ ሥራውን ሲሰጥ፣ ሆቪ እንዳወሱት፣ 300 ዶላር ያህል የሚፈጀው ዕቃ ከ15 ዶላር በታች እንዲወርድ ተጠየቀ። የመጀመሪያ ሙከራቸውን የሠሩት ከቅቤ ማስቀመጫ ክዳንና ከሽቶ ጠርሙስ ኳስ ነበር።

የነዳፊዎቹ ዋና ግኝት ግን በዕቃዎቹ ላይ አይደለም። ማውስ እንደ መለኪያ መሣሪያ ፍጹም ትክክለኛ መሆን እንደማያስፈልገው ተገነዘቡ። ሰው ጠቋሚውን በዐይኑ እየተከታተለ እጁን ስለሚያርም፣ ኳሱ ጥቂት ቢያዳልጥ ልዩነቱን ሳያውቀው ይሞላዋል። መኪና የሚነዳ ሰው መሪውን ስንት ዲግሪ እንዳዞረ ሳይለካ መንገዱን እያየ እንደሚሄድ ማለት ነው። ስለዚህ ለትክክለኛነት ይወጣ የነበረውን ወጪ ቀነሱት፤ ኳሱም በምንጭ ተጭኖ ሳይሆን ልቅ ሆኖ ተቀመጠ። እዚህ ላይ የተቀነሰውን ማንም አልከፈለም፤ ቀድሞውኑ አስፈላጊ አልነበረምና። ለማኅበራችን አባላት ከዚህ የሚበልጥ የርካሽ ንድፍ ትምህርት የሚገኝ አይመስለኝም።

ይሁንና ኳሱ ሌላ ዕዳ ይዞ መጣ። በጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል አቧራ እየሰበሰበ በውስጥ ባሉት ሮለሮች ላይ ይለጥፋል፤ አቧራ በማይጠፋበት አገራችን የቢሮ ሠራተኛ ማውሱን ገልብጦ ቀለበቱን እየፈታ ሮለሮቹን መፋቅ የተለመደ ሥራው ነበር። ይህን ዕዳ የሰረዙት ከ1999 ወዲህ በገበያ የተስፋፉት፣ የጠረጴዛውን ገጽ በብርሃን የሚያነብቡ ማውሶች ናቸው።

በቁልፎች መካከል የተተከለች ዘንግ

ቴድ ሴልከር በ1980ዎቹ የተነሡበት ነጥብ ሌላ ነበር። እጅ ከቁልፎቹ ተነሥታ ማውስ እስክትይዝ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል፣ ለመመለስም ተመሳሳይ ጊዜ እንደሚፈጅ ከምርምር ጽሑፎች ተረዱ። ከጆሴፍ ረትሌጅ ጋር በአይ.ቢ.ኤም. ባካሄዱት ጥናት በጂ፣ በኤችና በቢ ቁልፎች መካከል የምትተከል፣ የእርሳስ ላጲስ ጫፍ የምታህል ዘንግ ሠሩ። በ1992 በቲንክፓድ ኮምፒዩተር ላይ «ትራክፖይንት» ተብላ ወጣች።

ዘንጓ እንደ ጆይስቲክ አትወዛወዝም። ጣት ስትገፋት በሥሯ የተለጠፉ ስስ መለኪያዎች በጥቂቱ ይወጠሩና የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሳቸው ይለወጣል፤ የግፊቱ ኃይል ወደ ጠቋሚው ፍጥነት ይተረጎማል። የድካሙ ፍሬ በዚህ ትርጉም ላይ ነው። በቀላል ግፊት ጠቋሚው በዝግታና በጥንቃቄ ይሄዳል፤ በመካከለኛ ግፊት ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ ይረጋል፤ በብርቱ ግፊትም ቢሆን ዐይን ሊከተለው ከሚችለው በላይ እንዳይፈጥን ተገድቧል። ሆኖም ይህችም ነጻ አይደለችም። መለማመድን ትጠይቃለች፤ አልፎ አልፎም ጠቋሚው ማንም ሳይነካው ይንሸራተታል። ምክንያቱ መሣሪያው ግፊት የሌለ ሲመስለው የወቅቱን ንባብ እንደ ዜሮ ስለሚይዝ፣ ጣት ቀለል አድርጋ ጫን እንዳለች ከቆየች ሐሰተኛ ዜሮ መመዝገቡ ነው።

በ1994 በአፕል ፓወርቡክ ላይ የቀረበው የመዳሰሻ ሰሌዳ፣ በተለምዶ ታችፓድ የሚባለው፣ ከአውራ ጣት ሥር ተዘርግቶ የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖረው ይሠራል። እጅን በጥቂቱ ከቁልፎቹ ቢያነሣም ለመማር ቀላል ስለሆነ አብዛኛውን የተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ገበያ ወሰደ።

ለሐረር ጠረጴዛ የሚሆን ሚዛን

ሐረር ላይ ጉዳዩ የራሱ ገጽታ አለው። በክልሉ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው በኢትዮጵያ ፊደል፣ ሁለተኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ ደግሞ በአማርኛ ነው። ስለዚህ አንድ ታይፒስት በአንድ ቀን ደጋግሞ ፊደል ይለውጣል። ለውጡን ከስክሪኑ ጥግ በማውስ እየጠቆመ የሚያደርግ ከሆነ እያንዳንዱ ለውጥ ምልልስ ነው። ለስሌት ያህል የአንዱ ምልልስ ጊዜ 1.5 ሰከንድ ቢሆንና በቀን 400 ጊዜ ቢደገም 600 ሰከንድ፣ ማለትም አሥር ደቂቃ ይሆናል። በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይታይ፣ ነገር ግን በየቀኑ ከአንድ ሠራተኛ እጅ የሚከፈል ወጪ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ምንም ወጪ የለውም፤ የፊደል ለውጥ በቁልፍ እንዲሆን ኮምፒዩተሩን ማሰናዳትና ሠራተኛውን ማለማመድ ነው። ሁለተኛው ለወጣት መሐንዲሶቻችን የሚስማማ ሥራ ነው። ከቁልፎቹ ገበታ ጋር የሚገጠም ትንሽ ጠቋሚ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፤ አራት የመወጠር መለኪያዎች፣ የደከመውን ምልክት የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ በዩ.ኤስ.ቢ. ለኮምፒዩተሩ እንደ ማውስ ሆኖ የሚቀርብ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር። ከባዱ ዕቃው አይደለም፤ የግፊትና የፍጥነት ትርጉሙን ማስተካከልና ሐሰተኛውን ዜሮ መከላከል ነው፤ ይህም ትዕግሥትንና በሰው እጅ ደጋግሞ መሞከርን ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀመር ሙከራው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ እንዳይሆን አደራ ማለት ይገባል። አማርኛ፣ ሐረሪና ኦሮምኛ እያፈራረቀ በሚጽፍ ሰው እጅ፣ በራሱ ጠረጴዛ፣ በራሱ አቧራ መሀል ይለካ፤ የፈጀው ጊዜ፣ የሠራው ስሕተትና ለመልመድ የወሰደበት ቀን ይመዝገብ። በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች የተመዘነ መሣሪያ ርካሽ ነው ሲባል ርካሽነቱ እውነተኛ ይሆናል፤ ፊደሉም ክንዱም ለሌላ ሰው ቁጠባ ዕዳ ከፋይ አይሆኑም።