ጉሎና የጦር አውሮፕላን

ጉሎን የምናውቀው በምጣድ ማሰሻነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ያለ እሱ የማይበር አውሮፕላን ነበር።

እንደ ፈረንሳዩ ኖም ባሉ ሞተሮች ሲሊንደሮቹ ራሳቸው እየተሽከረከሩ በነፋስ ይቀዘቅዛሉ። ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ስለሚያልፍ ተራውን የማዕድን ዘይት ያጥበዋል፤ ፒስተኑ ደርቆ ይጣበቃል። የጉሎ ዘይት በቤንዚን በቀላሉ አይሟሟም፤ ምስጢሩ ይኸው ነው። ዘይቱ አንዴ ካለሰለሰ በኋላ ከጭሱ ጋር ወጥቶ አብራሪው ላይ ይረጫል። (ሆድ እንደሚያስቀምጥ አትርሱ!)

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ የባሕር ከበባ ጀርመንን ጉሎ አሳጣት። ቮልቶል የተባለ ምትክ ዘይት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 አዲሶቹ የፎከር አውሮፕላኖች ሞተራቸው እየጋለ ይበላሽ ጀመር።