ጽዮን «ዘ ማትሪክስ» ውስጥ ምን ትሠራለች?

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ አንድ የዶርም ጓደኛችን «ዘ ማትሪክስ» የሚባል ፊልም በፍላሽ ይዞ መጣ። ስሙን ስሰማ ቶሎ የመጣልኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነበር። «እንዴ፣ ስለ ማትሪክ ፊልም ሠሩ?» ብዬ ሁሉንም አሳቅኳቸው።

ኋላ ላይ ሳጣራ ግን ያን ያህልም አልተሳሳትኩም። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። «ማትሪክስ» «እናት» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን ማኅፀን ማለት ነው። «ማትሪኩላ» ደግሞ ከእሱ የተወለደ ቃል ነው፤ የስም መዝገብ ማለት ነው፤ የእኛ «ማትሪክ»ም የመጣው ከዚያ ነው። ሊኒየር አልጀብራ የተማረ ሰው ደግሞ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ይታዩታል። ፊልሙ ሁለቱንም ትርጉም ይዟል፦ ሰዎች ማኅፀን በሚመስል ፈሳሽ የሞላበት ዕቃ ውስጥ ተኝተው፣ ከቁጥር የተሠራ ዓለም በሕልም ይኖራሉ።

ፊልሙ ሲያልቅ ክርክር ተነሳ። አንዱ «ይሄ በግልጽ ስለ ክርስቶስ ነው» አለ። ሌላው «ኧረ የቡድሃ ትምህርት ነው» አለ። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ «ትንቢት ነው፣ ማስረጃው ይኸው» ብሎ አንድ ፎቶ አሳየን። እኔ ደግሞ «ተዉ እንጂ፣ ስለ ኮምፒውተር ነው፣ በቃ» አልኩ። እስኪነጋ ተከራከርን፤ ማንም አላሸነፈም። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ቢያንስ ያዩትን ነገር ለማንበብ ሞክረዋል።

አሁን የማጠናው ሲግናል ፕሮሰሲንግ ነው። ሥራችን ባጭሩ መልእክትን ከጫጫታ መለየት ነው። ያንን የዶርም ክርክር በዚሁ መንገድ እንደገና ልሞክረው።

ታሪኩ ባጭሩ

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የጻፉትና የመሩት የዋቾውስኪ ቤተሰብ ሁለት ልጆች ናቸው። ኪያኑ ሪቭስ የሚጫወተው ቶማስ አንደርሰን ቀን የሶፍትዌር ሠራተኛ፣ ማታ ደግሞ «ኒዮ» የሚባል ሐከር ነው። አንድ ቀን የሚኖርበት ዓለም እውነተኛ እንዳልሆነ ይነገረዋል። ማሽኖች የሰውን ልጅ አስተኝተው ከሰውነቱ ኃይል ይቀዳሉ፤ አእምሮውን ደግሞ በኮምፒውተር በተሠራ ሕልም ያታልሉታል። (የኃይሉ ነገር ለመሐንዲስ አይዋጥም፤ ሰውነት ከሚመገበው የበለጠ ኃይል አያመነጭም። ግን ይለፈን።) ከሕልሙ የነቁት ጥቂት ሰዎች ከመሬት በታች ባለች ከተማ ይኖራሉ። የከተማዋ ስም ጽዮን ነው። የሚጓዙባት መርከብ ናቡከደነፆር ትባላለች። ካፒቴኑ ሞርፊየስ፣ በግሪኮችና በሮማውያን ተረት የሕልም አምላክ ስም ነው። ኒዮን የምትወደው ሴት ደግሞ ትሪኒቲ ትባላለች፤ በእኛ ቋንቋ «ሥላሴ» ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄ እንያዝ። ምልክቱ ፊልሙ ውስጥ በግልጽ ይታያል ወይም ይሰማል? ከታሪኩ ጋር ይገጥማል፣ ይደጋገማልስ? ምክንያቱስ ከውጤቱ ይቀድማል?

መልእክቱ ጠንካራ ሲሆን

«ኒዮ» ተብሎ የሚጻፍባቸው ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ሲቀያየሩ «አንዱ» የሚል ቃል ይሰጣሉ። ይሄ የተመልካች ፈጠራ አይደለም። ሞርፊየስ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው «አንዱን» እንደሆነ ደጋግሞ ይናገራል። ገና ፊልሙ ሲጀምር ሕገወጥ ዲስክ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ኒዮን አዳኜ ብሎ ያመሰግነዋል። መጨረሻ ላይ ኒዮ ይሞታል፣ ይነሳል። ሦስቱንም ጥያቄ ያልፋል።

መርከቧ ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳስ? «ማርክ 3 ቁጥር 11» ይላል። እንግሊዝኛ ላይ «ማርክ» የማሽን ሞዴል መጠሪያም፣ የወንጌላዊው ማርቆስ ስምም ነው። ማርቆስ 3፥11 ደግሞ ርኩሳን መናፍስት በኢየሱስ ፊት ወድቀው የእግዚአብሔር ልጅ ነህ እያሉ መጮኻቸውን ይናገራል። አንድ ሰሌዳ ብቻውን ቢሆን «አጋጣሚ ነው» ባልኩ ነበር። ግን በ2003 በወጣው ሁለተኛው ፊልም የጠላትየው የኤጀንት ስሚዝ መኪና ታርጋ የኢሳይያስ እንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላትና 5416 ነው። ኢሳይያስ 54፥16 ፍም ስለሚያናፋ ብረት ቀጥቃጭና ስለ አጥፊ ይናገራል። «ስሚዝ» ማለት ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው! ያው ዓይነት ጨዋታ ሁለት ጊዜ ሲደገም ጫጫታ መሆኑ ይቀራል።

የቡድሃው ጓደኛችንም አልተሳሳተም። «ቡድሃ» ማለት ራሱ «የነቃው» ማለት ነው፤ ፊልሙም ከዳር እስከ ዳር ስለ መንቃት ነው። መነኩሴ የሚመስል ራሱን የተላጨ ሕፃን ማንኪያ በዓይኑ እያጣመመ ለኒዮ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ የሚታየው ነገር እንደሚታየው አይደለም።

ጫጫታ ሲሆን

ሦስተኛው ጓደኛችን ያሳየን ፎቶ የኒዮ ፓስፖርት ነበር። ፖሊስ መሰሎቹ ኤጀንቶች ሲመረምሩት ፋይሉ ውስጥ ለአፍታ ይታያል። የሚያበቃበት ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነው፤ ማለትም ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለቱ ሕንፃዎች በአውሮፕላን የተመቱበት ዕለት። ፊልሙ የወጣው ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ዶርሙ ሁሉ ጸጥ አለ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ያልፋል፤ በእርግጥ ይታያል። ሁለተኛው ላይ ግን ይወድቃል፦ በታሪኩ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም፣ ሌላ ቦታም አይደገምም። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ምክንያቱ ከውጤቱ በኋላ የመጣ ነው። የአሜሪካ የአዋቂ ፓስፖርት አሥር ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ በዘጠናዎቹ የነበረ ሰው ፓስፖርት በ2001 ቢያበቃ የሚገርም አይደለም። በየፊልሙ ውስጥ ስንት ቀንና ስንት ቁጥር እንዳለ አስቡት። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ከአንድ ትልቅ ክስተት ጋር ባይገጥም ነበር የሚገርመው።

አሁንም ካላመናችሁ ይቺን ስሙ፦ ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ፊልሙ የተነበየው ዕንቁጣጣሽን ነው» ብሎ መከራከርም ይቻላል። የፈለጉትን የሚሰጥ ማስረጃ ምንም ማስረጃ አይደለም።

መሃል ላይ የቆመም አለ። የኒዮ ክፍል ቁጥር 101 ነው። ወይ «አንዱ» የሚለውን ያስታውሳል፣ ወይ የኮምፒውተሩን አንድና ዜሮ፣ ወይ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ውስጥ ያለውን አስፈሪ ክፍል 101። አንድ እኩልታ፣ ሦስት ያልታወቁ። እንዲህ ያለውን ክፍት መተው ነው።

የጽዮን ረጅም ጉዞ

ያን ሌሊት ማናችንም ያላነሳነው፣ ለእኛ ግን ቅርብ የሆነው ምልክት ጽዮን ነበረች። እንዴት ከመሬት በታች ያለች የወደፊት ከተማ ስም ሆነች?

ጽዮን መጀመሪያ የኢየሩሳሌም ኮረብታ ናት። ስሙ ግን ቦታው ላይ አልቀረም። ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ መምጣቷን ይተርካል፤ የአክሱም ጽዮን ማርያምም ስሙን ይዛለች። ማለትም ጽዮን እዚህ አገር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ተጓዥ ስም ናት።

እ.ኤ.አ. በ1930 ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ወሬው ጃማይካ ደረሰ። እዚያ የባርነት ልጅ ልጆች በቅኝ ግዛት ሥር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዓይን ያነቡ ነበር፤ ከእነሱ መካከል በንጉሡ የቀድሞ ስም የሚጠራ እምነት ተወለደ፤ ራስ ተፈሪያን። ለእነሱ ጨቋኙ ሥርዓት ባቢሎን ነው፤ ጽዮን ደግሞ ኢትዮጵያ ናት፣ አንዳንዴም መላው አፍሪካ። በኋላ ሬጌ እነዚህን ሁለት ቃላት ዓለም ሁሉ ውስጥ አዳረሳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ዊልያም ጊብሰን «ኒውሮማንሰር» የተባለውን የሳይንስ ልብወለድ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ሰዎች አእምሯቸውን ከኮምፒውተር መረብ ጋር ያገናኛሉ፤ የመረቡ ስም ማትሪክስ ነው። ወደ ምድር አንመለስም ያሉ ሠራተኞች የመሠረቷት የራስ ተፈሪያን ጣቢያ ደግሞ ሕዋ ላይ ተንሳፋለች፤ ስሟ ጽዮን ነው። ከመርከቦቻቸው አንዷ በጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ ስም ትጠራለች።

ጥያቄዎቻችንን እንደገና እንጠይቅ። የመረቡ ስም፣ ከአእምሮ ጋር የሚገናኘው ገመድ፣ ነፃ ሰዎች የሚኖሩባት ጽዮን፦ አንዱ ብቻ ቢገጥም አጋጣሚ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን አይመስለኝም። መጽሐፉም ፊልሙን በ15 ዓመት ይቀድማል። ፊልሙ ውስጥ ያለው ግጭትም ያው የጽዮንና የባቢሎን ግጭት ነው፦ ሰውን አስተኝቶ የሚበዘብዝ ሥርዓት፣ ከእሱ ወጥቶ በነፃነት የሚኖር ሕዝብ። በሁለተኛው ፊልም ከጽዮን ሸንጎ አባላት አንዱ ሆኖ የሚታየው የጥቁር አሜሪካውያንን ሃይማኖትና ፍልስፍና ሲያስተምር የኖረው ኮርኔል ዌስት መሆኑም እዚህ ላይ ይደመራል።

ስለዚህ እኛ «የፈረንጅ ፊልም» ብለን ያየነው ነገር ውስጥ ከእኛ ሰፈር ተነስቶ በኪንግስተን ዞሮ የመጣ ቃል ነበረ። ቃሉን የሸከሙት ደግሞ ቤታቸውን የተነጠቁ ሰዎች ናቸው። ምልክቱን «የተደበቀ ኮድ» ወይም «ዝም ብሎ ስም» ብለን ብናልፈው የምናጣው እነሱን ነው።

ያልተፈታው

አንድ የማይገጥም ነገር ግን አለ። ናቡከደነፆር የባቢሎን ንጉሥ ነው፤ ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው እሱ ነው። የጽዮን ልጆች እንዴት በእሱ ስም መርከብ ይጓዛሉ?

የእኔ ንባብ ይሄ ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 2 ንጉሡ ሕልም አልሞ ይታወካል፤ ጠቢባኑን ሕልሙንም ፍቺውንም ንገሩኝ ይላል። በሁለተኛው ፊልም መርከቧ ስትወድም ሞርፊየስ የሚናገረው ይህንኑ ክፍል ያስተጋባል፤ ሕልም አልሜ ነበር፣ አሁን ግን ጠፋብኝ ይላል። ስሙ የተወሰደው ከጦርነቱ ሳይሆን ከሕልሙ ነው። ሞርፊየስ ራሱም የሕልም አምላክ ስም እንደያዘ አትርሱ።

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ የተሻለ ንባብ ያለው በሦስቱ ጥያቄዎች ይፈትነውና ያምጣው። እስከዚያው የቤት ሥራ ልስጣችሁ፦ «ዱን»ን ስታዩ «ማህዲ» የሚለው ቃል ሲጠራ ፊልሙን አቁሙትና ከየት ተነስቶ፣ በማን ትከሻ እዚያ በረሃ እንደደረሰ ጠይቁ።