የጠፋችው ድሪም በቤት ውስጥ ናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሀገሩ የወጣ ሰው ራሱን በሌሎች ሚዛን መመዘን ይለምዳል፤ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ በደመወዙ፣ በኖርዌጅኛው ጥራት ዋጋውን ይገምታል። በሀገሩ መምህር የነበረ አባት እዚህ ወለል ሲወለውል ውሎ ሲመለስ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ በመጻሕፍት ትርጓሜ አኑረውልናል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሯት ጎንደር የትርጓሜ ሊቃውንት መናኸሪያ ነበረች። መምህሩ የግእዙን ንባብ አሰምቶ በአማርኛ ይፈታል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ምሥጢሩን ይገልጣል። አንዱ ቃል ታሪክም ምሳሌም፣ ለሰሚው ነፍስ የተላከ መልእክትም ይሆናል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት መምህር ኤስድሮስ በዚህ ጉባኤ ታላቅ ስም አላቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ጠፉ፤ በመምህራን ልብ ያደረው ትርጓሜ ግን ተረፈ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15፣ ዐሥር ድሪም ያላት ሴት አንዲቱ ብትጠፋባት መብራት አብርታ፣ ቤቷን ጠርጋ ትፈልጋታለች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ድንግልና በጻፈው ድርሳን ይህን ምሳሌ ወደ ውስጥ መልሶ ተረጐመው። ድሪሟ በሰው ላይ የታተመው የንጉሡ የእግዚአብሔር መልክ ናት፤ ቤቱም እኛው ራሳችን ነን። መልኩ በኃጢአት ጕድፍ ተሸፈነ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

በሄልስፊር የምድር ባቡር ጣቢያ ደጃፍ 20 ክሮነር በረዶ ውስጥ ቢወድቅ፣ ብዙ እግር ቢረግጠውም የንጉሥ ሐራልድ መልክ አለበትና ያው 20 ክሮነር ነው። ዋጋውን የሰጠው ያተመው ነው፤ የረገጠው ሊቀንስበት አይችልም።

ይህ ግን ለትዕቢት በር አይከፍትም። ድሪም ራሷን አላተመችም፤ ፈልጎ የሚያገኛትም ባለቤቷ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ቃለ እግዚአብሔርን እንደ መብራት ይዞ ቤትን በንስሐ መጥረግ ነው።

ይህን በዓል ስናከብር እዚህ የተወለዱትን ልጆቻችንን እናስብ። በትምህርት ቤት ስማቸው ሲጣመም፣ የቆዳቸው ቀለም ሲነሣባቸው፣ በማን መልክ እንደ ተፈጠሩ ካልነገርናቸው በምን ይጽናናሉ? አማርኛችን ካልደረሳቸው በኖርዌጅኛ እንንገራቸው። የጎንደር ሊቃውንትም ግእዙን በአማርኛ የፈቱት ሰሚው እንዲያስተውል ነበርና፣ ይህን ብናደርግ ከመንገዳቸው አንወጣም። «አንድም» የሚለው ቃል በልጆቻችን አፍ ሲቀጥል ጉባኤው ኦስሎ ደረሰ ማለት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።